የወሲብ ፊልም «ነውር ነው» ተብሎ በሕግ ይከልከል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አጭሩ መልስ ምንድን ነው?

ነውር መሆኑ ላይ አልከራከርም። ነውርነቱ ብቻውን ግን ሰው ለማሰር አይበቃም። ሕግ መግባት ያለበት ተገዶ የተቀረፀ፣ ሳያውቅ የተሰራጨበት ወይም የተታለለ ሰው ሲኖር፣ ልጅ ያለበት ወይም ለልጅ የደረሰ ነገር ሲገኝ ነው፤ ያኔ ደግሞ በሙሉ ጉልበቱ ይግባ። የቀረውን ለቤተሰብ፣ ለንስሐ አባት፣ ለኢማም፣ ለራስ ሕሊና መተው ይሻላል። እንዲህ የምለው «ብልግና» በሚል ስም የወጣ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል ደጋግሞ የሚይዘው የተበደለውን ሰው ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

እዚህ አገር ድሮውንም ክልክል አይደለም እንዴ?

ነው እንጂ። «መንግሥት ይከልክልልን» የሚለው ሰው ሁሉ አያውቀውም እንጂ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 የብልግና ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ፊልምና ሌላም ነገር ማዘጋጀትን፣ ወደ አገር ማስገባትን፣ ማጓጓዝን፣ መቀበልን፣ መያዝን፣ ለሕዝብ ማሳየትን፣ መሸጥን፣ ማከራየትንና ማሰራጨትን ከስድስት ወር በማያንስ ቀላል እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። ዕቃውም ተወርሶ ይወድማል። ከሱ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ተመሳሳይ ድንጋጌ ነበረው። ማለትም ክልከላው ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል።

ምን ያህል እንደሠራ ለማየት ሰፈር ውስጥ ካሉት ሚሞሪ መጫኛ ሱቆች አንዱ ጋ ትንሽ መቆም ነው። ልጁ ዘፈኑን፣ የቱርክ ተከታታዩን፣ አክሽኑን ካስጫነ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላስ?» ይላል። ባለሱቁ ከኮምፒዩተሩ ቀና ሳይል «ድራይቨር» የሚል ስም የተሰጠውን ፎልደር ይከፍታል። የሚያስከፍለው በጊጋ ነው፤ ለመዝሙሩም ለዚያኛውም ያው ነው። ከሱ በፊት ቪዲዮ ቤቶቹ ነበሩ፤ ቀን ቀን የህንድ ፊልም፣ ማታ በሩ ገርበብ ተደርጎ ሌላ። አሁን ደግሞ ቴሌግራም ስላለ ሱቁም አያስፈልግም።

ታዲያ ቪዲዮ ስልኩ ላይ የተገኘበት ሁሉ ወንጀለኛ ነው?

አንቀጹን ቃል በቃል ያነበበ ሰው እንደዚያ ሊል ይችላል። «መቀበል» እና «መያዝ» በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ግሩፕ ውስጥ የተለጠፈውን ስልኩ በራሱ ሲያወርድለት የተኛ ሰውም ተቀብሏል፣ ይዟል። ሁሉም ጥፋተኛ ሊሆን የሚችልበት ሕግ ደግሞ ማን እንደሚያዝ የሚወስነው ያዢው ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባሏ ሪያድ የሚሠራ ሴት ለባሏ ብላ ራሷን ቀረፀች እንበል። ስልኳ ጥገና ገብቶ ቪዲዮው ወጣ። በአንቀጹ ንባብ «ያዘጋጀችው» እሷ ናት፣ «የያዘችውም» እሷ። የጥገናው ልጅ «ያሰራጨ» ነው። ሕጉ ሁለቱንም የሚያያቸው በአንድ ዓይን ነው፤ ምክንያቱም የተበደለው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ለሱ የተበደለው «መልካም ጠባይ» ነው። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ይዛ ጣቢያ የሄደች ሴት መጀመሪያ የሚቀርብላት ጥያቄ «አንቺ ለምን ተቀረፅሽ?» ቢሆን አይግረመን።

ስርቆትም እኮ የተከለከለው ነውር ስለሆነ ነው። ሕግና ሞራል ምን ያለያያቸዋል?

ስርቆት ላይ የተሰረቀ ሰው አለ። ጥያቄው የሚከብደው ተጎጂው በግልጽ የማይታይ ሲሆን ነው።

ይህንን ክርክር ወግ ባለው መንገድ ያካሄዱት እንግሊዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 (ከዚህ በኋላ ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በጆን ዎልፈንደን የተመራው ኮሚቴ ስለ ግብረ ሰዶምና ስለ ሴተኛ አዳሪነት ባቀረበው ሪፖርት፣ የሕግ ጉዳይ ያልሆነ የግል ሞራል የሚባል ወሰን መኖር አለበት አለ። ዳኛው ፓትሪክ ዴቭሊን በ1959 ተነስቶ ተቃወመ፦ ኅብረተሰብን አንድ አድርጎ የያዘው የጋራ ሞራሉ ነው፤ መንግሥት ከክህደት ራሱን እንደሚጠብቅ ሁሉ ከሞራል መላላትም ራሱን የመጠበቅ መብት አለው። የሕግ ፈላስፋው ሃርት መለሰለት፦ ሞራሉ የተለወጠ ኅብረተሰብ ፈረሰ ማለት አይደለም፤ ብዙኃኑ ስለተጸየፈው ብቻ ሰው ይቀጣ ማለትም አይቻልም።

የዴቭሊንን ሐሳብ ስሙን ሳንሰማ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የዕድር ስብሰባ ላይ ተነስተው የሚናገሩ አባት ሁሉ ይሉታል። ግማሹም እውነት ነው፤ ይሉኝታ የሌለበት ሰፈር ውስጥ ልጅ ማሳደግ ይከብዳል። ነገር ግን የብዙኃኑ ሞራል ምን ያህል አስተማማኝ ዳኛ እንደሆነ ከራሳችን ታሪክ እንይ። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። ያ ዘመኑን የማያሳፍር፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚጨርሰው ነገር ነበር። የ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 587 ጋብቻው ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም አለ። ሕጉን ያስቀየረው የሰፈሩ መጸየፍ አልነበረም፤ ሰፈሩማ ብዙም አልተጸየፈውም ነበር። ያስቀየረው የልጅቷ ጉዳት ነው። እኔም ስለ ወሲብ ፊልም ስጠየቅ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ተጎዳ ብዬ ነው።

ሃይማኖቴ ግን በግልጽ ይከለክለዋል።

የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ይከለክለዋል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 28 በምኞት መመልከትን ራሱን በልብ ማመንዘር ይለዋል፤ ቁርኣንም በሱረቱ አን-ኑር አማኞችን ዓይናቸውን እንዲሰብሩ ያዛል። ሁለቱም ግን የሚናገሩት ለልብና ለዓይን ባለቤት ነው፤ ልብ ውስጥ የሚመረምር ፖሊስ ይቋቋም አላሉም። በካቶሊኩ ዓለም ትልቁ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሰው ሕግ ክፉ ልማድን ሁሉ መከልከል እንደሌለበት፣ በተለይ ሌላውን የሚጎዱትንና ኅብረተሰብ ያለነሱ መከልከል ሊቆም የማይችለውን እንደሚከለክል ጽፏል። ጾም መሻር ኃጢአት ነው፤ በአርብ ሥጋ የበላን ሰው ግን ወደ ጣቢያ የሚወስደው የለም።

ሕገ መንግሥቱ «የሕዝብ ሞራል» ይላል፤ ይህ አይበቃም?

የሚልበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። የግል ሕይወትን ስለማክበር የሚናገረው አንቀጽ 26 እና ስለ ሃይማኖት የሚናገረው አንቀጽ 27 መብቱ ከሚገደብባቸው ምክንያቶች መካከል የሕዝብን ሞራል ይጠቅሳሉ። ሐሳብን ስለመግለጽ የሚናገረው አንቀጽ 29 ላይ ግን ይህ ምክንያት የለም። እዚያ የተጠቀሱት የወጣቶች ደኅንነት፣ የሰው ክብርና መልካም ስም፣ እንዲሁም የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ በአደባባይ የሚገለጽ ሐሳብ ናቸው። የወሲብ ፊልም «ሐሳብ መግለጽ» ነው ወይ የሚለው ራሱ ያከራክራል። ሆኖም የአንቀጽ 29ን ዝርዝር ወድጄዋለሁ፤ ወጣቱ፣ ክብሩ የተነካው ሰው፣ ሁሉም ስም ያላቸው ተጎጂዎች ናቸው።

ብልግናውን ከጥበቡ፣ ከሕክምናው፣ ከትምህርቱ ማን ይለየዋል?

ማንም በደንብ አልለየውም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1868 «አእምሯቸው ለእንዲህ ያለ ተጽዕኖ ክፍት የሆኑትን የሚያበላሽ» ሲል ሞከረ። የአሜሪካው ዳኛ ፖተር ስቱዋርት በ1964 ትርጉም መስጠቱ ቢያቅተው «ሳየው አውቀዋለሁ» ብሎ አረፈ። በ1973 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአካባቢው ማኅበረሰብ መለኪያ ይታይ አለ። የኛም ሕግ አንቀጽ 641 የጥበብ፣ የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ሥራዎችን ነፃ ያደርጋል፤ የፍትወት ስሜት ለመቀስቀስ የታሰቡ ካልሆኑ።

«የአካባቢው ማኅበረሰብ» ይባል እንኳ ቢሆን የቱ አካባቢ? ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ጡቷን ሳትሸፍን ገበያ የምትወጣ የሙርሲ ሴት በአገሯ ጨዋ ናት። ያንኑ ፎቶ አዲስ አበባ ያለ ሰው ለጨዋታ ሲቀባበለው ባለጌው ማን ነው?

በሞራል ስም ከልክሎ የተሳካለት አገር የለም?

ከልክሎ ያየ በአካባቢያችን ያለ አገር አለ፤ ኡጋንዳ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ የፈረሙት የፀረ ፖርኖግራፊ ሕግ እስከ 10 ዓመት እስራት ያስከትል ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ከሆነ የወሲብ ድርጊት አልፎ፣ በዋናነት ስሜት ለመቀስቀስ ሲባል የሰውን የወሲብ አካል በማንኛውም መንገድ ማሳየትን ይጨምራል። የጸደቀው ጽሑፍ ስለ ቀሚስ ርዝመት አያወራም፤ ሕዝቡ ግን «የሚኒስከርት ሕግ» አለው፤ እንዳለውም ተረጎመው። መንገድ ላይ ሴቶች በወንዶች ተከበው ልብሳቸው ተገፈፈ። ፖሊስ ሕዝቡን «ተዉ» እስከማለት ደረሰ።

በዚያው ዓመት አንዲት የታወቀች ዘፋኝ ራቁት ፎቶዋ በኢንተርኔት ተለቀቀባት፤ የለቀቀው የቀድሞ ፍቅረኛዋ ነው ተባለ። የሥነ ምግባር ሚኒስትሩ ትታሰር ያሉት ማንን መሰላችሁ? እሷን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። አሜሪካና አውሮፓ የተቀመጠውን ድረ ገጽ የካምፓላ ፖሊስ አያገኘውም፤ ልጅቷን ግን ቤቷ ያገኛታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የሕጉን ዋና ዋና አንቀጾች፣ ትርጉሙን ጨምሮ፣ ውድቅ አደረጋቸው።

ኔፓል በ2018 የ13 ዓመት ልጅ ተደፍራ ከተገደለች በኋላ በቁጣው መሀል የወሲብ ድረ ገጾች እንዲዘጉ አዘዘች። ቁጣው ይገባኛል። ገዳይን መያዝ ሲያቅት የሚቀለው ድረ ገጽ መዝጋት ነው።

የሴቶች መብት ተከራካሪዎችም ይከልከል ይሉ የለ?

ይላሉ፤ በኔ አስተያየትም ከሁሉም የጠነከረው ክርክር የነሱ ነው። ካትሪን ማኪኖንና አንድሪያ ድወርኪን እ.ኤ.አ. በ1983 ለአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ባረቀቁት ደንብ ላይ «ነውር» የሚለውን ነገር ጨርሰው ተዉት። ጉዳዩ ሴትን ማዋረድና መድሎ ነው፤ ስለዚህ የተጎዳች ሴት አምራቹንና ሻጩን በፍትሐ ብሔር ትክሰስ አሉ። ከንቲባው አላጸደቀውም። ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ኢንዲያናፖሊስ ተመሳሳዩን ብታወጣም በ1985 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አፈረሰው።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 ሐሳቡን ከፊል ተቀበለ፦ የብልግና ሕጉ መሠረት ሞራል ሳይሆን ጉዳት ነው አለ። ወዲያው ከተነኩት መካከል ግን ትልልቆቹ አምራቾች አልነበሩም፤ ቶሮንቶ ውስጥ ያለች የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መጻሕፍት መደብር እንጂ። የጉዳት ቋንቋም ቢሆን በቸልታ ከተያዘ ተመልሶ ደካማው ላይ ያርፋል።

በአግባቡ ከተያዘ ግን ይነክሳል። አሜሪካ ሳንዲዬጎ ውስጥ አንድ የወሲብ ፊልም አምራች ወጣት ሴቶችን «ውጭ አገር በዲቪዲ ብቻ ነው የሚሸጠው፣ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም» እያለ ቀርፆ ለቀቀባቸው። 22ቱ ከሰሱት፤ በ2020 መጀመሪያ ዳኛው ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ፈረደላቸው። ባለቤቱ ቢሸሽም ስፔን ውስጥ ተይዞ በ2025 የ27 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የታሰረው በማታለልና በማስገደድ ለወሲብ ሥራ በማዘዋወር ነው፤ በብልግና አይደለም። በዚያው በ2020 ታኅሣሥ ፖርንሀብ በተባለው የወሲብ ድረ ገጽ ላይ የተደፈሩ ልጆች ቪዲዮ እንዳለ በጋዜጣ ሲጋለጥ ቪዛና ማስተርካርድ ክፍያ አቋረጡ፤ ድረ ገጹ በቀናት ውስጥ ማንነታቸው ያልተረጋገጠ ሰዎች የጫኗቸውን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች አነሳ። የዘመናት ስብከት ያላደረገውን አንድ የካርድ ማሽን አደረገው።

ማየት አስገድዶ መድፈርን ያመጣል?

በአንድ ቃል «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁት። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1969 የወሲብ ሥዕሎችን ስትፈቅድ የተፈራው የወሲብ ወንጀል ጎርፍ አልመጣም። በሌላ በኩል ድሮውንም ለጠበኝነት ያዘነበሉ ወንዶች ጠበኛ የወሲብ ፊልም ሲያዘወትሩ አደገኝነታቸው እንደሚብስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሁለቱ አይጋጩም።

ሱስ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ከቁጥጥር የወጣ የወሲብ ባሕርይ የሚባል መታወክ አለ፤ የተመደበው ግን ከአልኮልና ከዕፅ ሱስ ጋር ሳይሆን ግፊትን መቆጣጠር ካቃታቸው ሕመሞች ጋር ነው። አንድ የሚገርም ማስጠንቀቂያም ተጽፎበታል፦ የሰውየው ጭንቀት ሙሉ በሙሉ የመጣው ድርጊቱን በሞራል ስለሚያወግዘው ብቻ ከሆነ ምርመራውን አያሟላም። ጾም ውስጥ አንዴ አይቶ «በሽተኛ ነኝ» ብሎ የሚንቀጠቀጥ ወጣት የሚያስፈልገው አናጋሪ ሰው ነው፤ ሥራውንና ትዳሩን ጥሎ ሌሊቱን የሚያነጋው ደግሞ ባለሙያ።

ልጆችስ?

እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አንቀጽ 12 ልጅ ያለበትን የወሲብ ምስል መሥራት፣ ማሰራጨትና መያዝን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ምስል ወይም መልእክት እየላከ ልጅን ለወሲብ የሚያባብል ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት።

ልጅ እንዳያይ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። እንግሊዝ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ድረ ገጾቹ የተመልካቹን ዕድሜ እንዲያረጋግጡ አስገድዳለች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አንድ ወር ቀደም ብሎ የቴክሳስን ተመሳሳይ ሕግ በ6 ለ3 ድምፅ አጽድቋል። እንግሊዝ ውስጥ በማግሥቱ ቪፒኤን (እገዳን አልፎ የሚያስገባ መተግበሪያ) የሚያወርደው ሰው ብዛት ጣሪያ ነካ። ኢንተርኔት በተዘጋ ቁጥር ቪፒኤን ማብራት የለመደው የኛ አገር ወጣት ይህን ለመማር አስተማሪ አይፈልግም። ትንንሾቹ የሚያዩት ደግሞ ባብዛኛው በቤተሰብ ስልክ ነው፤ እናት ለካርቱን ብላ ስልኳን ስትሰጥ አጎት የላከው ቴሌግራምም አብሮ ይሄዳል። ቢያንስ ቴሌግራምና ዋትሳፕ ላይ ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«ቪዲዮሽን እለቅብሻለሁ» እያለ ያስፈራራኛል። ብናገር እኔም አልጠየቅም?

ፍርሃትሽ መሠረት አለው፤ አንቀጽ 640 እንዴት ሊነበብ እንደሚችል ከላይ ብያለሁ። አቤቱታሽን ግን በብልግና ሳይሆን በማስፈራራት አቅርቢው። የአዋጅ 958 አንቀጽ 13 በኮምፒዩተር ሥርዓት ምስል ወይም ቪዲዮ እያሰራጩ ሰውን ወይም ቤተሰቡን ማስፈራራትን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ሲከብድም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የሚቻል ከሆነ ከሕግ ባለሙያ ጋር ሂጂ። ያለ ፈቃድ የሰውን የወሲብ ምስል ማሰራጨት የሚል ራሱን የቻለ ድንጋጌ አዋጁ የለውም። ፊትን ከሌላ ገላ ጋር የሚያጣብቀው ዲፕፌክ ከመስፋፋቱ በፊት የወጣም ነው። ሕግ አውጪዎቻችን ስለ ሞራል ከማውራታቸው በፊት ይህችን ክፍተት ቢደፍኑ ምን ነበረ?

ገንዘብ አትላኪ፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። መልእክቱን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የአካውንቱን ስም ፎቶ አንሺ፤ ከዚያ በፊት ብሎክ አታድርጊው። ዕድሜሽ ከ18 በላይ ከሆነ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የሚባለው ነፃ አገልግሎት ምስሉን ሳትልኪ እዚያው ስልክሽ ላይ የጣት አሻራ መሰል ኮድ ያወጣለታል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ሌሎች አባል ድርጅቶች በዚያ ኮድ ለይተው ያግዱታል። ከ18 በታች ለሆኑ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ።

ቪዲዮው ግሩፕሽ ውስጥ ሲገባ የምታዪ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ከሆንሽ ደግሞ የሰውን ገመና ማሳለፍሽን ተዪ። ይኼን ለማወቅ አዋጅ አያስፈልግም።

ውጭ አገር ለምንኖርስ?

እንዳላችሁበት አገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ በግንቦት 2025 የተፈረመው ሕግ ያለ ፈቃድ የወሲብ ምስል መልቀቅን፣ በዲፕፌክ የተሠራውንም ጭምር፣ የፌዴራል ወንጀል አድርጎታል፤ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱት ያስገድዳል። እስራኤል በ2014 ይህንኑ ድርጊት በጾታዊ ትንኮሳ ሕጓ ውስጥ አስገብታ እስከ 5 ዓመት ታስቀጣለች። ሁለቱም የሚጠይቁት ፈቃድ ነበር ወይ ብለው ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ ያላችሁ ግን ጠንቀቅ በሉ። የ2007ቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ አንቀጽ 6 የሕዝብን ሥርዓት፣ የሃይማኖት እሴትን፣ የሕዝብን ሞራል ወይም የግል ሕይወትን የሚነካ ነገር ማዘጋጀትና መላክን እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል ያስቀጣል። ሞራልና የግል ሕይወት በአንድ አንቀጽ ተጨፍልቀዋል፤ ስለዚህ የላከውም የተላከባትም እኩል ሊፈሩት የሚገባ ነው። ያስፈራራሽ ሰው ቢኖር «ማስረጃ ነው» ብለሽ ቪዲዮውን ራሱን ለዘመድ ወይም ለጓደኛ አትላኪ፤ ያም እንደ አዲስ ስርጭት ሊቆጠር ይችላል። የማስፈራሪያው መልእክትና የላኪው ቁጥር የሚታይበት ፎቶ ይበቃል።